ከለቅሶ ቤት የወጣው ሞተር

ተስፋሚካኤል አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሆዱ ደግሞ ትንሽ ቀድሞት ነው የሚሄደው። ሳሪስ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ይሠራል፣ የሚኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው መንገድ ለወሬ ሲሆን ምንም አይደለም። ጠዋት ከታክሲ ሰልፍ ላይ ሲያዩት ግን አገር ማቋረጥ ነው። ተስፋሚካኤል እዚያ ሰልፍ ላይ ብዙ ዓመት ቆሟል። ሰልፉ ላይ ጓደኛ አፍርቷል፣ ተጣልቷል፣ ታርቋል፣ አንዴ እንዲያውም ሁልጊዜ ከፊቱ የሚቆም ሰውዬ ልጁን ሲድር ጠርቶት ሰርግ በልቷል።

የሰልፉስ ይሁን፣ ሰው ይለምደዋል። እሱን የሚበላው እሁድ ነበር። እናቱ እማማ አስካለማርያም ሞጆ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ባቡሩም ባልየውም ከቆሙ ቆዩ። ልጅ እሱ አንድ ብቻ ነው። እማማ ደም ግፊት አለባቸው፣ ጉልበታቸውም የሚያደርሳቸው ከመኝታ እስከ በር ነው። ተስፋሚካኤል ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራል። እሁድ መኪና ሲጠብቅ ይረፍድበትና ሞጆ ሲደርስ ምሳ ሰዓት አልፏል፤ መመለሻ እንዳያጣ ሻዩን ቆሞ ጠጥቶ ይወጣል።

«መጣህ ልበል ሄድክ?» ይሉታል እናቱ።

ይሄም እየቀረ ሄዶ ለፋሲካና ለመስቀል ብቻ ሆነ። ታዲያ አንድ ቀን ስልክ ደውሎ ሞተር ሊገዛ እንደሆነ ነገራቸው። ጠዋት ጠዋት ሥራ እሄድበታለሁ፣ እሁድ እሁድ አንቺ ጋ ቁርስ እበላበታለሁ አላቸው። እማማ አስካለማርያም ስልኩን እንደዘጉ ለጎረቤቱ በሙሉ አወሩ። ቅዳሜ ማታ ድፎ ዳቦ መጋገርም የጀመሩት ያኔ ነው፤ ሞተሩ ገና ሳይገዛ።

ሞተር ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ ሞተር አይደለም። ተስፋሚካኤል የፈለገው ያንን ነጂው በሆዱ ተኝቶ የሚነዳውን የውድድር ዓይነት ነው። ሚስቱ ጋዲሴ ይህን ስትሰማ ከላይ እስከ ታች አየችውና «አንተ ላዩ ላይ ከተኛህ ሞተሩ አይታይም» አለችው። እሱ ግን ምክንያት አለው። የሞጆ መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ተሳቢው ሁሉ ጅቡቲ ወራጅ ነው፣ ነፋሱ ብቻ ትንሿን ሞተር ከአስፋልት ያወጣታል። አንዴ ሲጎትቱት ተስፈንጥሮ የሚያልፍ ጉልበተኛ ነው የሚያስፈልገው። ይሄ እውነት ነው። ሌላው እውነት አቃቂ ልጅ ሆኖ አንድ ሰውዬ እንዲህ ባለ ሞተር በሰፈሩ ሲያልፍ አይቶ እስከ ዛሬ ድረስ ያልወጣለት መሆኑ ነው። እሱን ለጋዲሴ አልነገራትም። እሷ ግን ሳይነግራት አውቃለች።

ሞተር የሚያይለት ወልደገብርኤል ነው። ወልደገብርኤል የፋብሪካው ጥገና ክፍል ነው የሚሠራው፤ ሞተር የሚያውቀው በእግሩ ነው፣ አንዱ እግሩ እስከ ዛሬ ያነክሳል። እሱ መጀመሪያ ያለው፣ ለሥራ መመላለሻ ከሆነ ያችን የዕቃ አመላላሾቹን ዓይነት ያዝ፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ፣ ነዳጅ አትጠጣም የሚል ነበር። እንደማይሰማው ሲያውቅ ተወውና አንድ ነገር ብቻ አስተማረው።

«ገና ስትደርስ፣ ሰላምታ ሳትሰጥ፣ እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ። ሙቅ ከሆነ ዞር በልና ሂድ። አንተ ሳትመጣ ያሞቀው ቀዝቅዞ አልነሳ ስለሚለው ነው።»

የመጀመሪያው ሳሪስ ነበር። ቀይ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ነው፣ ሻጩም ራሱ የሚያብረቀርቅ ልጅ ነው። ተስፋሚካኤል እጁን አሳርፎ ቶሎ አነሳ፤ ይፋጃል። ሻጩ ፀሐይ ነው አለ። ሞተሩ የቆመው ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ሁለተኛው ቃሊቲ ነው። ይሄኛው ቀዝቃዛ ነው፣ አንዴ ሲነካ ተነሳ፣ ድምፁም ግሩም ነው። ወልደገብርኤል ግን ከኋላው ሄዶ ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አየ። የኋላው ጎማ የፊተኛውን አይከተልም፤ ቴላዮው፣ ሁሉን የሚሸከመው ብረት፣ ተሰብሮ ተበይዶ ቀለም ተቀብቷል። ባለቤቱ ይሄ ሞተር አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም ብሎ በእናቱ ማለ። እንግዲህ ሞተሩ ካልወደቀ፣ ክንዱ ላይ ከትከሻው እስከ አንጓው ያለው ጠባሳ ተቀምጦ ያገኘው ይሆናል።

ሦስተኛውን ያመጣችው ጋዲሴ ናት። ጋዲሴ የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ አባቷ ጤፍ ያጭዱበት ከነበረው ማሳ በላይ ነው ዛሬ እሷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትተኛው። ከድሮዎቹ ቤቶች የቀሩ አንዳንዶች አሉ። አንዱ ከኮንዶሚኒየሙ የሚወጣው ኮብልስቶን አስፋልቱን የሚነካበት ጥግ ላይ ያለው የእማማ ዳሲቱ ግቢ ነው። እማማ ዳሲቱ ለጋዲሴ እናት የማሳ ጎረቤት ነበሩ። ሞቲ የሚባል ልጅ ነበራቸው፣ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሞቲ ሆዴን አመመኝ ሲል ሰንብቶ ትርፍ አንጀቱ ውስጥ ለውስጥ ፈንድቶ ሞተ። ሞተሩ ምንም አላደረገውም፤ ሞተሩ ግቢ ውስጥ አንሶላ ለብሶ ቆሞ ቀረ። አርባው ሲወጣ የእማማ ወንድም ጋሽ መገርሳ፣ ይሄ ነገር ከዓይኗ ሥር ካልተነሳ ትጠፋብናለች አሉና ይሸጥ ተባለ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዳበት የከተማው ፈቃድም አለው። ዓይነቱም ያ ተስፋሚካኤል የሚያልመው ነው።

ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ሄዱ፤ ተስፋሚካኤል፣ ጋዲሴና ወልደገብርኤል። ከለቅሶ ቤት ዕቃ መግዛት የራሱ ወግ አለው። ገብቶ አሳዩኝ አይባልም። መጀመሪያ ተቀምጦ ከንፈር ይመጠጣል። ስለ ሟቹ ይጠየቃል፣ ያው ሁሉም የሚያውቀውን። ቆሎ ይመጣል። ከዚያ ስለ ዝናቡ ይወራል። ተስፋሚካኤል ዓይኑን ከአንሶላው ላይ ለማንሳት የሚያደርገው ትግል ከፊቱ ይታይ ነበር። እማማ ዳሲቱ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ወደ በሩ ነው፣ በበሩ ውስጥ የሚታየው ሞተሩ ነው።

ከብዙ ዝናብ በኋላ ጋሽ መገርሳ ተነሡና አንሶላውን ገለጡት። ሰማያዊ ነው። ሰልባቲዮው፣ የነዳጅ ጋኑ ላይ፣ በነጭ ቀለም «የእናቴ ምርቃት» የሚል ተጽፏል። ወልደገብርኤል እጁን አሳረፈ፤ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ከኋላ ቁጢጥ አለ፣ ጎማው ቀጥ ያለ ነው። ካቴናው ዘይት ጠጥቷል። ብየዳ የለም፣ ጭረት የለም። የቀረው ማስነሳት ነው።

ቁልፉ ጋሽ መገርሳ እጅ ነው። ጋሽ መገርሳ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና በዝቅታ፣ እሷ ድምፁን ከሰማች ዛሬ ማታ እዚህ ቤት እንቅልፍ የለም አሉ። ሁለት ጎረምሶች ከዚህ በፊት ሊገዙ መጥተው ሳይጠይቁ አስነስተውት እማማ ራሳቸውን ስተው ነበር። ጎረምሶቹ እየተሰደቡ ነው የሄዱት።

ወልደገብርኤል ተስፋሚካኤልን በክርኑ ወደ አጥሩ ገፋ አደረገው። «ስማ፣ ሞተር ሳያስነሱ መግዛት ሬሳ መግዛት ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ የት ቆመህ ነው የምታወራው?»

«እሺ፣ ሌላ ምሳሌ ልፈልግ። አስነሳው።»

«እንዴት አድርጌ? እያዩኝ!»

አላስነሳም። የሰውዬው ችግር እንዲህ ነው፤ ከፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ጋር ተጨቃጭቆ ያውቃል፣ ከትራፊክ ጋር ያውቃል፣ ከሐዘንተኛ ጋር ግን አቅም የለውም። እናስብበት ብሎ ሊወጣ ሆነ። ሊወጣ ሲልም እንደ ደንቡ እማማ ዳሲቱ ፊት ዝቅ አለና፣ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ሲወጣ የሚለውን አለ።

«አይዞዎት እማማ። ሞቲ ቢሄድም እኛ ልጆችዎ አለን።»

ይህን ያላለ ሰው የለም። ይባላልና ይወጣል፤ ያለው ሰው ተመልሶ የሚመጣው ቀጥሎ ለቅሶ ሲኖር ነው። ሐዘንተኛውም ያውቃል፣ አሜን ይላል፣ ነገሩ እዚያ ያበቃል። እማማ ዳሲቱ ግን አሜን አላሉም። ቀና ብለው አዩት፤ ሆዱን፣ ጫማውን፣ ፊቱን አዩት።

«ስምህ ማነው ልጄ?»

ነገራቸው። ለራሳቸው አንድ ሁለቴ ብለው ለመዱት። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ለሱ ስጠው።»

ተስፋሚካኤልን ደስ አለው። ከነዚያ ጎረምሶች ሁሉ እሱ ተመረጠ። በመንገድ ላይ ለጋዲሴ ሰው ማክበር ምን እንደሚያስገኝ ሲያብራራላት ነበር፤ እሷ ግን የእማማን ፊት አይታዋለች።

ሂሳቡ ተከፍሎ ሞተሩን ሳያስነሱ እየገፉ አወጡት። እማማ እንዳይሰሙ አስፋልቱን ይዘው አንድ ጎሚስታ ቤት ድረስ ገፉት፤ አንዱ ያነክሳል፣ አንዱ ያለከልካል። ባትሪው ሞቷል፤ እሱን አስሞሉ። ካንዴላውን ጠራረጉ። ወልደገብርኤል አሁን ታየዋለህ በሚል ዓይነት እጁን አጣምሮ ቆመ። ተስፋሚካኤል ነካው። በአንዴ ተነሣ። እንዲህ ያለ ድምፅ እዚያ ጎሚስታ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ወልደገብርኤል ዞረው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ጭሱን አሸተተ፣ ፍሪሲዮኑን ጨበጠ፣ ለቀቀ። የሚያወጣለት እንከን አጣ፤ ይሄ ለሱ ትልቅ ሕመም ነው።

«ምንም የለውም» አለ ቅር እያለው።

ሰኞ ጠዋት ተስፋሚካኤል በሰልፉ አጠገብ አለፈ። ሰርግ የበላለት ሰውዬ ከሩቅ አይቶ እጁን አነሳለት፣ እሱም አነሳ፤ ከሄልሜቱ ውስጥ እየሳቀ ነበር። ቃሊቲ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ጡሩምባ ሲነፋ እሱ በመሃል በመሃል ሾልኮ ሄደ። ፋብሪካ ሲደርስ በሩ አልተከፈተም ነበር። ጥበቃው ምን ሆነህ ነው አለው።

ማታ ሲመለስ ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ ሲታጠፍ እማማ ዳሲቱ በራቸው ላይ ቆመዋል። ድምፁን ከሩቅ ለይተውታል። ጥሩ ሰው ቆሞ ሰላም ይላል፤ ቆመ። ግባ አሉት፣ ገባ። ራት ቀርቧል። ሞቲ ሁልጊዜ ከሥራ ሲመጣ መጀመሪያ እዚህ በልቶ ነው የሚወጣው አሉት። በላ። ቤቱ ሲደርስ ጋዲሴ ያቀረበችውንም በላ፣ ምን ያርግ።

ማክሰኞም ቆመዋል። ረቡዕም። ሐሙስ ዕለት ተስፋሚካኤል ብልሃት መጣለትና ከመታጠፊያው በፊት ሞተሩን አጥፍቶ በቁልቁለቱ ተንሸራትቶ አለፈ። ዓርብ ጠዋት ሲወጣ እዚያው ቆመው አገኛቸው። አላኮረፉም። ጉንጩን ዳሰስ አድርገው «ትናንት ሳታሰማኝ አለፍክ። ስጠብቅህ ራቱ በረደ» ብቻ አሉት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ሌላ መውጫ መንገድ ቢፈልግ በኋላ በኩል ያለው ጭቃ ነው፤ ያ ሞተር ደግሞ ጭቃ አይወድም።

የመጀመሪያዋ እሁድ መጣች። ሞጆ ላይ ዳቦው ከዋዜማው ተጋግሯል። ተስፋሚካኤል ሄልሜቱን አጥልቆ በጠዋት ወረደ። መታጠፊያው ላይ እማማ ዳሲቱ ነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ተዘጋጅተው ቆመዋል። ሞቲ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ያደርሰኝ ነበር አሉት። ቅዳሴ እስኪያልቅም ይጠብቀኝ ነበር። ከዚያ መቃብሩ ጋ። መቃብሩ ጋ እንኳ ሞቲ ሊያደርሳቸው አይችልም ነበር፤ ያ አዲስ የተጨመረ ነው።

ምን ሊል ነው? የውድድር ሞተር የኋላ መቀመጫ ከፍ ያለ የመዳፍ ስፋት ያለው ነገር ነው፣ የሚሠራውም ፈረንጅ አገር ላለች ቀጭን ልጅ ይመስላል። እማማ ዳሲቱ እዚያ ላይ በጎን ተቀመጡ፣ አንድ እጃቸውን ወገቡ ላይ አደረጉ፣ በአንዱ ዣንጥላቸውን ያዙ። ሄልሜት በሻሹ ላይ አልገባ አለ። ያ ተሳቢ ሊያልፍ የተገዛ ሞተር በእግረኛ ፍጥነት ወደ አቃቂ ሄደ። ባጃጆች እየደረቡት አለፉ፤ አንዱ ባለባጃጅ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ማርሹ ተቀይሯል ወይስ ገና ነው?» አለው።

ከዚያ እሁድ ወዲህ እሁድ የሚባል ነገር የእማማ ዳሲቱ ሆነ። ከቅዳሴ በኋላ መቃብር፣ ከመቃብር በኋላ የታመመ ዘመድ፣ ከዘመድ በኋላ ወፍጮ ቤት ያስቀመጡት እህል። እሳቸው ግድ አላሉትም፤ ልጄ ይላሉ፣ ይመርቁታል፣ ሰልባቲዮውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉለታል። ቀስ በቀስ እንቅልፍ መተኛት ጀመሩ፤ ምግብ መብላት ጀመሩ። መንደሩ ሁሉ ተስፋሚካኤልን ሲያይ ከመቀመጫው ይነሳለታል። ጋዲሴ ገበያ ስትሄድ ሽንኩርት ይመረቅላታል። «አለን» ባለው ቃሉ የቆመ ሰው ይሉታል።

ሞጆ ደግሞ ስልክ አለ። እናቱ መጀመሪያ መጀመሪያ ሞተሩ ገና አልተገዛም ወይ ይሉ ነበር። ተገዝቷል ሲላቸው፣ ታዲያ ለምን አልመጣህም ይላሉ፤ ዝናብ ነው ይላቸዋል። በጋ ከገባ በኋላ ዝናብ ማለት አልተቻለም። ዳቦውን ሰኞ ሰኞ ለጎረቤት ያከፋፍላሉ። ጎረቤቱ እሁድ ማታ ልጁ መጣ ወይ ብሎ መጠየቅ ተወ፤ ሰኞ ጠዋት ሳህን ይዞ መምጣት ጀመረ። እሱ ነገሩን ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር፤ ልጅ የሞተባቸው ሴትዮ አሉ ብሎ ጀመረ። እማማ አስካለማርያም ደግ ሴት ናቸው፣ ወይኔ ነፍስ ይማር አሉ፣ አግዛቸው አሉ። ሁለተኛው ወር ላይ ግን ሴትዮዋ ሌላ ዘመድ የላቸውም ወይ ብለው ጠየቁ። ሦስተኛው ላይ መጠየቅ ተዉ።

ወልደገብርኤል ሽጠው አለው። ለማን ነው የሚሸጠው? የሞተ ልጅ ሞተር ሁለቴ ተሸጠ ተብሎ ከዚያ መንደር ውስጥ እንዴት ይኖራል? መንደርተኞቹ የጋዲሴ ዘመዶች ናቸው። ወልደገብርኤል ትንሽ አስቦ፣ ያኔ እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ አፍህ ላይ ማድረግ ነበረብህ አለው።

አንድ እሁድ ተስፋሚካኤል ቆረጠ። ገና ጎህ ሳይቀድ ወረደና ሞተሩን ሳያስነሳ በኮብልስቶኑ ላይ ገፋ። በእማማ ደጃፍ ሲያልፍ ትንፋሹን ይዞ ነበር። አስፋልቱን ይዞ ራቅ ካለ በኋላ አስነሳ።

ሞተር ምን እንደሆነ ያወቀው ያን ጠዋት ነው። ቱሉ ዲምቱን እንዳለፈ መንገዱ ተከፈተለት። በሆዱ ተኛ። ተሳቢዎቹን አንድ በአንድ ሲያልፋቸው ነፋሳቸው እንኳ አልነካውም። ብርዱ በእጅጌው ገብቶ በአንገቱ ይወጣል፣ ግራና ቀኝ የታጨደ ማሳ ነው፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ከሞጆ በኩል ብቅ አለች። አርባ ስድስት ዓመቱን ረሳው። ጮኸ ይባላል፤ ማንም አልሰማውም።

ዱከም ላይ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ቆመ። ጋዲሴ ናት። እማማ ዳሲቱ ከጎህ ጀምረው በራቸው ላይ ቆመው ቆይተው፣ ኋላ ሰው ሲልኩ ሞተሩም ሰውዬውም የሉም ተብለዋል። ሁለተኛውም ሄደ ብለው አስፋልቱ ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን እየመቱ ነው። ሰው ተሰብስቧል። አንዳንዱ አዲስ ለቅሶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጥቷል። ድንኳን ይውጣ ወይ ያለም አለ።

ተስፋሚካኤል ሞተሩን በሁለት እግሩ መሃል አቁሞ ወዲያም ወዲህም አየ። ሞጆ ከዚያ በዚያ ሞተር ቅርብ ነው። እናቱ ጋ ደወለ።

«እማዬ፣ ዛሬም አልሆነልኝም።»

«ሞተሩ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

እናቱ «ተበላሽቶ በሆነ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ተመለሰ። እማማ ዳሲቱ ሲያዩት ከመሬት ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና፣ ለቅዳሴው ረፈደብን አሉት። ሰዉ ግን እንዲሁ አልተበተነም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ መገርሳ ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ቤቱ መጡ፤ ሦስት ፎቅ ወጥተው፣ እያለከለኩ፣ በክብር ተቀመጡ። ተስፋሚካኤል ለአንዴ ሳይፈራ ተናገረ። እናት አለችኝ አለ። አሮጊት ናት፣ ታማሚ ናት፣ ይሄን ሞተር የገዛሁት እሷን ልጠይቅበት ነው፣ እሁዱን እንኳ ልቀቁልኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ጥሩ አድርገው ሰሙት። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጋሽ መገርሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልክ ነህ ልጄ፣ እናት እናት ናት። ግን ያንተ እናት፣ አምላክ ይመስገን፣ ልጇ አልሞተባትም። ምን ያስቸኩላታል?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነትም ልጇ አልሞተባትም። እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ታገሥ፣ ከዚያ በኋላ እናያለን ተባለ። ተስፋሚካኤል የሚለው ብዙ ነበረው፤ አንደበቱ ላይ ተደርድሯል፤ ሲወጣ ግን የወጣው «እሺ» ነው። ሽማግሌዎቹ መርቀውት ወረዱ።

ከዚያ አንድ ወር እንኳ አልሞላም። እሁድ ነው፤ ተስፋሚካኤል እማማ ዳሲቱን ከመቃብር እያመጣቸው ነው፣ ጋዲሴ ምሳ እኛ ቤት ይብሉ ብላ ጠርታቸዋለች። ግቢው ውስጥ ሲገባ የጥበቃው ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፣ እግራቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ክብ ነገር አለ፣ ጋዲሴ አጠገባቸው ቆማ ፊቷ ሌላ ሆኗል። እማማ አስካለማርያም ናቸው። ያን ጉልበት ይዘው ከሞጆ መኪና እየቀያየሩ መጥተዋል፤ ፎቁን ግን አልቻሉትም፣ ከታች ቀሩ።

ተስፋሚካኤል ሞተሩን አቆመ። መጀመሪያ እማማ ዳሲቱ መውረድ አለባቸው፤ እሳቸው ሳይወርዱ እሱ አይወርድም። ዣንጥላውን ተቀበላቸው፣ በብብታቸው ያዛቸው፣ ቀስ ይበሉ እማማ አለ፣ ነጠላቸው ካቴናው ውስጥ እንዳይገባ ሰበሰበላቸው። እናቱ ይህን ሁሉ ከወንበሩ ላይ ሆነው አዩ። መቼም እሳቸውን እንዲህ አድርጎ ካወረዳቸው ስንት ዘመኑ ነው።

ከዚያ ማን ማን እንደሆነ ተነገረ። እማማ አስካለማርያም የጥበቃውን ክንድ ይዘው ተነሡ። ለቅሶ ያልደረሱት ሰው ሲያገኙ እንደሚደረገው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ እማማ ዳሲቱን አቀፉ፣ አለቀሱ። እማማ ዳሲቱም አለቀሱ። ሁለቱ አሮጊቶች መኪና ማቆሚያው መሃል ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ከየፎቁ ሰው ብቅ ብቅ አለ፤ ተስፋሚካኤል ሄልሜቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሲበቃቸው እናቱ የእማማ ዳሲቱን ፊት በነጠላቸው ጠረጉና፣ ሰው ሁሉ የሚለውን አሉ።

«ምን ይደረጋል እህቴ፣ የሱ ፈቃድ ነው። ይኸው ልጅዎ አጠገብዎ ነው።»

ተስፋሚካኤል የእናቱን ዓይን ፈለገ። ልጅ ሆኖ ሲያጠፋ፣ ከተቆጡት በኋላ በዓይናቸው ጥግ የሚያዩት የምሕረት አስተያየት ነበር። ጠበቀ፤ ወደሱ አላዩም።

ዳቦው እዚያው ታች ተቆረሰ። እማማ ዳሲቱ ደጋግመው በሉ፣ እንዲህ ያለ ዳቦ ከቀመሱ መቆየታቸውን ተናገሩ፣ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ ማህፀን ይባረክ ብለው መረቁ። እናቱ አሜን አሉ። ለራሳቸው አልቆረሱም። ፀሐዩ ዘቅዘቅ ሲል ልሂድ አሉ፤ እደሪ አላቸው፣ ፎቁን ማን ያወጣኛል አሉ። ተሸክሜ አወጣሻለሁ ቢላቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

«እንግዲያው በሞተሩ እኔ ላድርስሽ። ለዚሁ እኮ ነው የተገዛ።»

እማማ አስካለማርያም ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተውለው አዩት፤ ሰማያዊውን፣ ጽሕፈቱን፣ ያችን ከፍ ያለች የኋላ መቀመጫ።

«ተወው። ሰው ያለበት ወንበር ላይ አልቀመጥም።»

ጋዲሴ ባጃጅ ጠርታ አሳፈረቻቸው። ተስፋሚካኤል ከኋላ ከኋላ በሞተሩ ተከተለ። አስፋልቱ ላይ ቢሾፍቱ ቢሾፍቱ የሚል ሚኒባስ ቆሞ ነበር፤ ወያላውን እማማን ከፊት በኩል መስኮቱ ጋ አስቀምጥልኝ፣ ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ የሞጆ መኪና ላይ አሳፍርልኝ ብሎ ለመነው። ደግፎ አስገባቸው። ባዶውን ጨርቅ ጭናቸው ላይ አጥፈው አደረጉ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ እሱ ከውጭ ቆሞ በሚመጣው እሁድ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት አዘነችላቸው መሰለኝ፣ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ልጅዎ ነው?» አለቻቸው።

እናቱ ወደ መስኮቱ ሳይዞሩ ነው የመለሱላት።

«አይ፣ የወይዘሮ ዳሲቱ ልጅ ነው። ደግ ልጅ ነው፣ ሊሸኘኝ መጥቶ ነው።»

ወያላው በሩን ዘጋ። ሚኒባሱ ወደ ዱከም በኩል ሄደ። ተስፋሚካኤል ሞተሩን አዞረ፤ እማማ ዳሲቱ የጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጠው እየጠበቁት ነው፣ ሳይመሽ ቤታቸው ማድረስ አለበት።